የመሰላል አስተሳሰር

«አስቀምጪው አልኩሽ» አለ ዓለምነው ለሦስተኛ ጊዜ።

ይርገዱ አላስቀመጠችውም። የባሏ መሥሪያ ዱካ ላይ ተቀምጣ የአንድ ቡናማ የወንድ ጫማ ክር በጥፍሯ እየመዘዘች ታወጣ ነበር። እግሯ ሥር ክራቸው የወጣ ሁለት ጥንድ ጫማዎች ተጋድመዋል። መደርደሪያው ላይ ሰባት ጥንድ ቀርተዋል፤ ሶላቸው ተሰፍቶ፣ ቀለም ተቀብተው ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ።

«አሥሩንም ሳልጨርስ አልነሳም» አለች። «ከፈለግህ አግዘኝ፤ ካልፈለግህ ከፊቴ ዞር በል።»

«ከዚያስ? መጥተው ምነው ፈታችሁት ቢሉን ምን ልትያቸው ነው?»

«ማን ፈታው? እንደ ሰው ጫማ ታስሮ ያገኙታል። ምን ይሉኛል?»

ጭቅጭቁ የጀመረው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ማልዳ መጥታ የሰማችውን ነግራቸው ከሄደች ጀምሮ ነው። ከትናንት በስቲያ ፒያሳ ላይ ፍተሻ ነበር። ከላይ የተላከው ካድሬ አንዳርጋቸው ወጣቶቹን እጃቸውን አስነስቶ ከግድግዳ ጋር አሰለፋቸው። ኪሳቸው ውስጥ ምንም ሲያጣ ዓይኑ ወደ እግራቸው ወረደ። ሦስቱ የጫማቸውን ክር ያሰሩት በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ሰው በማያስርበት አኳኋን ነበር። ሰው ሁሉ ክሩን ግራና ቀኝ እያጠላለፈ በመስቀለኛ ያስራል። የሦስቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ፣ እንደ መሰላል እርከን አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድሯል። ካድሬው አናርኪስቶቹ የሚተዋወቁበትን ምልክት አገኘሁ ብሎ ሦስቱንም ወደ ቀበሌ ነዳቸው። አንደኛው አዘዘ ነው፤ የሰብለ ወንጌል ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ላንድሮቨር መጥቶ ወደ በላይ አካል እንደሚወስዳቸው አንድ ጥበቃ ለእናቱ ሹክ ብሏታል። ባለፈው ሳምንት እንዲያ የተወሰዱ አራት ልጆች በማግስቱ ከከተማው መውጫ፣ ከመንገድ ዳር ተገኝተዋል።

ምልክት የሚባል ነገር አልነበረም። ሦስቱም ጫማቸውን ያሠሩት ዓለምነው ዘንድ ነው። ዓለምነው ደግሞ እጁ የገባውን ጫማ ሁሉ ሠርቶ ሲያስረክብ ክሩን መሰላል አድርጎ ነበር የሚያስረው። ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ማንም ምነው ብሎት አያውቅም።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት ብዬ ብነግራቸው ነገሩ ያበቃል» አለ።

«ያበቃል። አንተ ታበቃለህ።»

ዓለምነው ወደ ዱካው ተጠጋ። ጫማውን ከእጇ ነጠቀና ቆሞ እንደ ነበረው መልሶ አሰረው። ከዚያ ወለሉ ላይ ላሉት ለሁለቱ ጥንድ ጎንበስ አለ። የሚናገረው ወደ መሬት እያየ ነበር፤ አሁን ቢፈቱት የፈሩት ነገር አለ ይባላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ጫማ ሁሉ እንዳለ ቢቆይ ግን ማንም መጥቶ ማየት ይችላል፣ ይኸ የጫማ ሰሪው እጅ ነው ብሎ ይሄዳል። ይርገዱ የእሱን አነጋገር ስትሰማ ደሟ ፈላ። ይህ ሰው አሁንም እውነትን ያየ ሁሉ የሚያምናት ይመስለዋል። ከአጠገቧ ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት ፎርማ አንስታ ወረወረችበት።

ፎርማው ቅንድቡ ላይ አረፈ። ዓለምነው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ደሙ በአፍንጫው ጎን ወርዶ ያሰረው ጫማ ላይ ተንጠባጠበ። ይርገዱ ምን እንዳደረገች እስኪገባት ድረስ ቁጭ ብላ አየችው። ከዚያ ተነስታ በነጠላዋ ጫፍ ቅንድቡን ጫን አድርጋ ያዘች። እሱም እንደ ልጅ ፊቱን ሰጣት። ደሙ ሲቆም ሦስቱን ጥንድ መደርደሪያው ላይ መልሶ ደረደራቸው።

«ሂድ እንግዲህ» አለች።

ሌላ አልጨመረችም። እሱም ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ቀኑ አርብ ነበር፤ ሦስት ሰዓት አልፏል። ዓለምነው በአራዳ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ልማዱ የሚያየው የሰው ፊት ሳይሆን የሰው እግር ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ከአሥር እግር ሁለቱ ሦስቱ የእሱ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። የባንኩን ጸሐፊ ጥቁር ጫማ ገና ከሩቅ ለየው፤ ባለፈው ወር ተረከዙን ቀይሮለታል። ክሩ መስቀለኛ ሆኗል። የመምህሩም መስቀለኛ ነው። የሆስፒታሏ አስታማሚ ነጭ ጫማዋን ትታ በነጠላ ጫማ ትሄዳለች። አንድ ሽማግሌ ክሩን ጨርሶ አውጥተው ጫማቸው እየተንሸራተተ ይጎትቱታል። ከተማው ሁሉ ትናንት ማታ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሲፈታና ሲያስር እንዳመሸ ገባው። አንዳቸውም ሰላም አላሉትም። እንግዲህ የቀረው ምስክር ያ መደርደሪያ ብቻ ነው አለ በሆዱ።

ይህን አስተሳሰር የተማረው ኮርያ ነው። ዳኛው የሚባል የጭልጋ ሰው አብሮት ዘምቶ ነበር። አንድ ማለዳ በረዶ በሸፈነው ተራራ ላይ የዳኛው ቁርጭምጭሚት በፍንጣሪ ተመታ። ዓለምነው ቁስሉን ሊያስርለት ቡትስ ጫማውን ለማውለቅ ታገለ። ክሩ መስቀለኛ ነበር፣ በዚያ ላይ በረዶ ጠጥቶ እንደ ሽቦ ደርቋል። አንዱን ሲቆርጠው ሌላው ያንቀዋል፤ ያንን ሲቆርጠው ከሥሩ ሌላ አለ። ጫማው ሲከፈት ዳኛው ደሙ አልቆ ወሬውን አቋርጦ ነበር። ዓለምነው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ደሙን ሳይሆን የወሬውን ማቋረጥ ነው፤ ስለ አንዲት በቅሎ እየነገረው ነበር። ኋላ አንድ ሐኪም ወታደሮቹን ሰብስቦ ክር እንዴት እንደሚታሰር አሳያቸው። ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ከታሰረ፣ ቢላዋ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሲሳብበት ጫማው ሁለት ይሆናል። ዓለምነው ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ዓይነት አስሮ አያውቅም፤ የሙሽራም ቢሆን፣ የቄስም ቢሆን።

ቀበሌው የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ስኳር መጥቷል ተብሎ ሴቶች ዘንቢላቸውን በመስመር አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰብለ ወንጌል ብቻዋን ከግንቡ ሥር ተቀምጣለች። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ውድነህ ነው፤ እዚያው ሰፈር ያደገ የሃያ አራት ዓመት ወጣት። ዓለምነው ሲቀርብ ውድነህ ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ ዓለምነው፣ ይመለሱ። ዛሬ እዚህ የሚያመጣዎት ጉዳይ የለም።»

«ጉዳይስ አለኝ። ካድሬውን ነው የምፈልግ።»

ውድነህ ከስክስ ጫማ ተጫምቷል። ሶሉን የሰፋለት ዓለምነው ነው፣ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። አሁን ክሩ መስቀለኛ ሆኗል፤ በችኮላ ስለታሰረ በግራው በኩል አንድ ቀዳዳ ተዘሏል። ውድነህ የሰውየው ዓይን የት እንዳረፈ አየ። አንዱን እግሩን ከሌላው ኋላ ደበቀ፣ ከዚያ መደበቁ የባሰ እንደሆነ ገባው መሰል መልሶ አወጣው። በሩን ከፈተለትና አብሮት ገባ።

አንዳርጋቸው የቪላው መመገቢያ በነበረው ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ። ሽጉጡ ወረቀቶቹ እንዳይበተኑ በላያቸው ተጭኗል። ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሁለት ወንበሮች ጀርባ ለጀርባ ቆመው በላያቸው ላይ አንድ ወፍራም አጣና ተጋድሟል። ሲሚንቶው እዚያ ጋ ታጥቦ ገና አልደረቀም።

ዓለምነው የመጣበትን ተናገረ። ካድሬው ሳያቋርጠው ሰማው፣ ሲጨርስ ወደ ውድነህ ዞሮ ፈገግ አለ።

«ሊስትሮ አብዮት ሊያስተምረን መጣ።»

«ጫማ ሰሪ ነኝ» አለ ዓለምነው።

«ማን ላከህ?»

ማንም እንዳልላከው፣ ልጆቹ ጫማ ከማሠራት በቀር ምንም እንዳላደረጉ መለሰ። አስተሳሰሩን የት እንደተማረ ሲጠየቅ ኮርያ አለ። ጓደኛው እንደቆሰለ፣ ክሩ እንደያዘው ተናገረ፤ የጓደኛውን ስም ግን አልጠራም። ካድሬው ከኢምፔሪያሊስቶች ጎን ተሰልፈህ ማለት ነው አለው። ዓለምነው ንጉሡ ሲልኩት ሃያ ሦስት ዓመቱ እንደነበረና የተሰለፈበትን ጎን እንዳልመረጠ መለሰ። ይህን ሲል ውድነህ በሰደፍ ጀርባውን መታውና በአፉ ተደፋ። አንድ ጥርሱ ተነቃነቀ። ተነስቶ ቆመና ያንኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ተናገረ፤ ክሩን፣ በረዶውን፣ ቢላዋውን። ካድሬው ሰውየው በሁለተኛው ጊዜ አንድ ቃል እንኳ እንዳልቀየረ አስተዋለ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተውል ሰው ነበር።

«ያንን ልጅ አምጣው» አለ።

አዘዘን ሁለት ጥበቃዎች ብብቱን ይዘው አስገቡት። ፊቱ ከመቅላቱ በቀር ደህና ይመስላል፤ የተመታው ፊቱን አይደለም። ትናንት አጣናው ላይ ሰቅለው ውስጥ እግሩን ገርፈውት ነበር። ሲያበቁ ካድሬው ምልክቱ ለበላይ እንዳለ ይቅረብ በማለቱ ጫማውን አጥልቀውለት፣ ክሩን እንደ ነበረው አጥብቀው አስረው ሌሊቱን ሙሉ አቆሙት። እግሩ ጫማው ውስጥ አብጧል። ቆዳው በክሮቹ መሃል እንደ ሊጥ ተነፍቶ ወጥቷል።

«አያ ዓለምነው» አለ አዘዘ። «እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ውጭ ናት።»

ዓለምነው ወደ ካድሬው ዞረ። ይህ ጫማ እንደ ሌላ ጫማ እየተጎተተ ቢወልቅ ልጁ በሥቃይ እንደሚሞት፣ በእሱ መንገድ ግን እንዴት እንደሚከፈት ማሳየት እንደሚችል ተናገረ። ቢላዋ ጠየቀ። ጥበቃዎቹ ተያዩ። ካድሬው ሽጉጡን አንስቶ አቀባበለና ወደ ዓለምነው ደረት አዞረ፤ በሌላው እጁ ውድነህ ቢላዋውን እንዲሰጠው ምልክት አደረገ።

አዘዘን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ዓለምነው ተንበርክኮ ተረከዙን ጭኑ ላይ አሳረፈ። የቢላዋውን ጫፍ ከላይኛው ክር ሥር አስገባና ወደ ጣቶቹ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ሳበው። አምስቱ ክሮች ተራ በተራ ሳይሆን ባንድነት የተበጠሱ ያህል ድምፅ ሰጡ። ጫማው ግራና ቀኝ ተከፈተ። የያዘው ደምና ውኃ በዓለምነው ሱሪ ላይ ፈሰሰ፤ የውስጥ እግሩ ቆዳ ከገበሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ። አዘዘ የሸሚዙን እጅጌ ነክሶ አጓራ። ሁለተኛውን ደገመው። ቢላዋውን በስለቱ ይዞ እጀታውን ወደ ካድሬው ዘረጋለት።

ካድሬው ከጠረጴዛው ኋላ ወጥቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ የተበጠሱትን ክሮች አነሳና አገላብጦ አያቸው።

«ለሲቪል ጫማ ይኸ ምን ያደርጋል?» አለ።

«እጄ ለምዶት ነው። ክርም ይቆጥባል።»

«በእጅህ የሚያልፈውን ሁሉ እንዲህ ታስራለህ?»

«ሁሉንም።»

«የምታሳየኝ አለህ?»

«መደርደሪያዬ ላይ አሥር ጥንድ አለ። የወንድም የሴትም ነው፤ የቄስ ጫማም አለበት። ይላኩና ይታይ።»

ካድሬው ሰዓቱን አየ። አራት ተኩል ነበር። አሥሩም እንዳልከው ከሆነ ልጆቹን እለቃለሁ፣ አንተም ቤትህ ትገባለህ አለ። ይህን ያለው ለማታለል አልነበረም። ውድነህን ጫማዎቹን አምጣ ብሎ ላከው።

መንገዱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ውድነህ ግን አንድ ሰዓት ሊሆነው ጥቂት ሲቀረው ነው የተመለሰው። በዚያ መሃል ክፍሉ ውስጥ ነገር ሁሉ በረደ። አዘዘን ውኃ አጠጡት። ካድሬው የግራ ጫማው ተረከዝ ውስጥ ሚስማር ወጥቶ ከትናንት ጀምሮ እየወጋው መሆኑን ተናገረ፤ ካወለቀ በኋላም ለዓለምነው አቀበለው። ዓለምነው ጫማውን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ በጥበቃው ሳንጃ እጀታ ሚስማሩን መልሶ ቀጠቀጠ። ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው፤ እንደገና አንድ ሁለቴ መታው። ተረከዙን ቢያስቀይሩት ይሻላል፣ ቆዳው ሸጋ ነው ሲል ካድሬው እሺ አለው። ለአፍታ ሁለቱም ደንበኛና ጫማ ሰሪ ነበሩ። ክሩ መስቀለኛ ነበርና ዓለምነው ሳያስበው ሊፈታው እጁን ሰደደ። መልሶ ተወው።

ካድሬው አንድ እግሩ በካልሲ እንዳለ ውድነህ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። አፉን ፈታና ወለሉ ላይ ዘረገፈው።

አሥር ጥንድ ነበር፤ ቡናማው የወንድ ጫማ፣ የቄሱ ጥቁር፣ የሴቶቹ። ሁሉም መስቀለኛ ታስረዋል። አንድ ቀዳዳ እንኳ አልተዘለለም። ቋጠሮው ሁለት ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ተጠብቋል። ዓለምነው እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ያውቃል፤ ይርገዱ የስልቻ አፍ ስታስር እንዲህ ነው የምታጠብቀው። ቡናማው ጫማ ላይ የራሱ ደም ጠብታ ደርቋል።

ካድሬው ከዓለምነው እጅ ጫማውን ተቀብሎ አጠለቀው፣ ክሩን አስተካክሎ አሰረው፣ እግሩን ሁለት ጊዜ ወለሉን መታ አደረገ። ሚስማሩ የለም። ከዚያ በዚያው ተረከዝ የዓለምነውን አፍ ረገጠው። የተነቃነቀው ጥርስ ወጣ።

«ሱቁ ውስጥ ማን ነበር?» ብሎ ውድነህን ጠየቀ።

«ማንም አልነበረም» አለ ውድነህ። «በሩን ገፍቼ ገባሁ።»

ዓለምነው ጉንጩ ሲሚንቶው ላይ እንዳለ ጆንያውን አየ። የጤፍ ጆንያቸው ነው። የሚቀመጠው ጓዳ ተቆልፎበት ነው፤ ቁልፉ ከይርገዱ አንገት አይወርድም። እሷ ሳትሰጠው ውድነህ ይህን ጆንያ ሊያገኝ አይችልም። ከጆንያው አጠገብ የውድነህ ከስክስ ቆሟል። ከአንድ ሰዓት በፊት የተዘለለው ቀዳዳ አሁን ክር ገብቶበታል፤ ክሩ ጠብቆ፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ዓለምነው ቀና ብሎ አየው። ውድነህም አየው። ሁለቱም ዓይናቸውን ባንድ ጊዜ መለሱ።

አጣናው ላይ ሰቀሉት። እጁን ከጉልበቱ ሥር አሳልፈው አሰሩት፤ አጣናውን በመሃል አስገብተው ሁለቱ ወንበሮች ላይ ሲያደርጉት ጭንቅላቱ ወደ ታች ተዘቀዘቀ። ጫማውን አስቀድመው አውልቀው ከአሥሩ ጥንድ ጋር ወርውረውታል። ካድሬው ውድነህን ግረፍ አለው። ውድነህ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሦስት እጥፍ አድርጎ ያዘ። የመጀመሪያዎቹ እንደ እሳት ናቸው፤ ከአሥረኛው በኋላ ከእግሩ ይልቅ አናቱ ውስጥ ይሰማው ጀመር፣ ከሃያኛው በኋላ ራሱን ሳተ። ውኃ ደፉበት። ውድነህ አልራራም። መራራት አይችልም ነበር፤ ካድሬው አጠገቡ ቆሞ ክንዱን እያየ ነው። ገመዱ በወረደ ቁጥር ደም ወደ ግድግዳውና ወደ ራሱ ውድነህ ፊት ይረጫል።

አዘዘ ከጥግ ሆኖ ተዉት እያለ ይለምን ነበር። አንደኛው ጥበቃ ያቆሰሉትን እግሩን ረግጦ ዝም አሰኘው።

ካድሬው ጥያቄውን አልቀያየረም። ክሩን ማን ለወጠው? ቤትህ ማን አለ? ሚስት የለህም? መልስ ሲያጣ፣ እንግዲህ ሰው ልኬ ከሰፈር ሴቶቹን አስመጣለሁ፣ እነሱ ቢያንስ ያወራሉ አለ።

ዓለምነው ተዘቅዝቆ ወለሉ ላይ የተዘረገፉትን ጫማዎች ያያል። ያወራው እውነት ነበር፤ አሁን ግን እውነቱን የሚደግፍ አንድም ነገር አልቀረም። ውሸቱን ግን አሥር ጥንድ ጫማ ይደግፈዋል። ይርገዱን ካመጧት እንደ እሱ ያንኑ ቃል ደጋግማ አትቆምም፤ ተሳድባ፣ ተራግማ፣ አዎ እኔ ነኝ ትላቸዋለች።

«አውርዱኝ» አለ። «እናገራለሁ።»

አወረዱት። መቀመጥ ስላልቻለ በጎኑ ተኛ።

«የለወጥኩት እኔ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት።»

«ለምን?»

«ምልክቱ ታወቀ።»

ውድነህ ገመዱን በሱሪው መጥረግ ጀመረ። ካድሬው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወረቀት ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ልጆቹ የማያውቁት ነገር ነው። ጫማ ስለተቀደደባቸው አመጡ፤ እኔ አሰርኩባቸው። የሚያውቀው የሚያስረውና የሚቀበለው ነው። ያለ ሥራቸው እንዳይሞቱ ነው የመጣሁ።»

ይህ መልስ ለካድሬው ገባው። ከጠዋት ጀምሮ የሰማው ነገር ሁሉ አሁን ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ሰውየው ሳይጠራ መምጣቱ፣ ቃሉን አለመለወጡ፣ መደርደሪያው። ሲጽፍ እጁ አልቆመም።

«ተቀባዩ ማነው?»

«ዳኛው ይባላል። የጭልጋ ሰው ነው።»

«አሁን የት ነው?»

«ተራራ ላይ ተለያየን።»

«ስሜን?»

ዓለምነው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ካድሬው ዳኛው፣ ጭልጋ፣ ስሜን ተራራ ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። ስለ ቁመቱና ስለ መልኩ ጠየቀው። ዓለምነው የሚያውቀውን ሁሉ ነገረው፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ወሬ የሚወድ፣ ስለ በቅሎ አውርቶ የማይጠግብ። ዕድሜውን ሲጠይቀው ሃያ አራት አለ።

ስድስት ሰዓት አካባቢ ላንድሮቨሩ ገባ። ካድሬው ሦስቱን ልጆች በየወላጆቻቸው ፊርማ ልቀቋቸው ብሎ አዘዘ፤ እሑድ ስብሰባ ላይ ቀርበው ጥፋታቸውን ይናገሩ አለ። ሦስት ትንንሽ ልጆች ከማስረከብ አንድ ትልቅ ሰው ማስረከብ እንደሚሻል ያውቃል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ምሳውን ሊበላ ወጣ።

ዓለምነውን ውድነህና ሌላው ጥበቃ ይዘው ጎተቱት። እግሩ ጫማው ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ሌላው ጥበቃ ይቅርበት አለ። ጫማውን ክምሩ ውስጥ ትተው ወጡ። ከአሥራ አንዱ ጥንድ እሱ ብቻ መሰላል ታስሮ ነበር።

በኋለኛው በር በኩል ወደ ማኪናው ሲጭኑት ውድነህ ከሥሩ አንድ የተጣጠፈ የጆንያ ቁራጭ አደረገለት። ዓለምነው እጅጌውን ያዘው።

«ቤት ነበረች?» አለው፤ አፉ አብጦ ቃሉ በቅጡ አይወጣም።

ውድነህ ጥበቃው መዞሩን አየ።

«ነበሩ» አለ ቶሎ። «ጆንያውን ሲሰጡኝ ጭልጋ ይሂዱ ብያቸዋለሁ። ዛሬውኑ።»

የማኪናውን በር ዘጋው።

በፊት ለፊት በኩል አዘዘን በአንድ በርሜል ላይ አስቀምጠውት ነበር። ሰብለ ወንጌል ፊርማዋን በጣቷ ካሳረፈች በኋላ ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ ከፊቱ ተንበረከከች። የልጇን እግር የምትይዝበት ቦታ አጥታ ሁለት እጇን ከሥሩ ዘርግታ ቀረች። ነጠላዋን በጥርሷ ቀደደችው። አንዲት ጎረቤት ጨው ያስፈልጋል ትላለች፤ ሌላዋ የለም ቅቤ ነው ትላለች። አዘዘ ወደ ኋለኛው በር ዞሮ ስለ ዓለምነው ሊነግራት ሞከረ። እናቱ አሁን አትናገር አለችው።

የስኳሩ መስኮት ተከፈተ። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እያነሱ ወደፊት ተገፋፉ፤ ተራዬን ተነጠቅሁ የምትል አንዲት ሴት ከባለ መስኮቱ ጋር ተጣላች። ላንድሮቨሩ ከኋላ ዞሮ በር ላይ ሲደርስ ጥሩንባውን ነፋ። ሰልፉ ጭቅጭቁን ሳያቋርጥ ለሁለት ተከፈለና አሳለፈው፤ መልሶም ገጠመ። ሴትዮዋ ከፊቷ የነበረችው አረንጓዴ ዘንቢል የያዘችው እንደሆነች ለሁሉም ታስመሰክር ነበር።